የመስቀል ወፍና የመስከረም እንግዶች

ዘመድ ሆኖ ዓመት ሙሉ ደጃችንን ሳይረግጥ ከርሞ በድንገት ብቅ ያለውን ሰው «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የምትታየው» እያልን እንወቅሰዋለን። ይህ አነጋገር ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነውና ለወቀሳ የሚመች ስለ ሆነ ይቅር ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ስለ ወፊቱ የሚሰጠው ምስክርነት ተመርምሮ ሲታይ እውነተኛ ሆኖ አይገኝም። የመስቀል ወፍ የሩቅ አገር እንግዳ አይደለችም፤ ክረምትም በጋም ከዚሁ ከእኛው ዘንድ የምትኖር የቤት ባለቤት ናት። በአንጻሩ ደግሞ በዚሁ በመስከረም ወር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተጕዘው በከተማችን መናፈሻ የሚያርፉ እውነተኞች እንግዶች አሉ። እነዚህን ግን በስማቸው የሚጠራቸው፥ እንኳን ደኅና መጣችሁ የሚላቸው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ልጆች የጥናት ሰዓት ተናግረን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ልጆች ከጥናት በሚያርፉበት በእሑድ ጠዋት ወደ መናፈሻ ይዘናቸው ብንሄድ ምን እንደሚያዩ እንጽፋለን።

አስቀድመን የባለቤቲቱን ነገር እንጨርስ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ሕዝቡ የመስቀል ወፍ ብሎ የሚጠራው አንድ ወገን ብቻ አይደለም። አንዱ መላ አካሉ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና የጀርባው መጨረሻ እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነው ነው። ሁለተኛው እንዲሁ ጥቁር ሆኖ በአንገቱ ዙሪያ ቀይ ያለበት፥ ጅራቱም የረዘመ ነው። ሦስተኛው ጥቁርና ነጭ የለበሰ፥ መንቍሩ ቀይ፥ ከጅራቱም ከአካሉ የሚረዝሙ አራት ቀጫጭን ላባዎች የሚወርዱለት ነው። ወደ ቈላው ዝቅ ሲሉ ደግሞ እንደ ፍም የቀላ ሌላ ወገን ይገኛል። እነዚህ ያጌጡት ሁሉ ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ፥ ወንዶቹም ከበጋው ወራት እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ፥ ጭረት ጭረት ያለበት ቡናማ ልብስ ለብሰው ከድንቢጥ ሳይለዩ ይኖራሉ። ዝናሙ ወርዶ ሣሩ ሲያድግና ፍሬ ለመያዝ ሲቃረብ ግን ወንዱ አሮጌውን ላባ ያረግፍና ልክ ሹመት እንዳገኘ ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ ከሣሩ ጫፍ ላይ ይታያል፤ ምክንያቱም ሴቲቱ የምትመርጠው በልብሱና በአበራረሩ ነውና። ጋብቻውና የጫጩቱ ማሳደግ ሲያልፍ ያንኑ የሹመት ልብስ አውልቆ ወደ ተራው ሕዝብ ይመለሳል። (ባለ አራት ላባው ወፍ በዚህ ሁሉ ጌጡ ላይ ሚስቱ እንቍላልዋን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ የምታስፈለፍል መሆንዋን ስንነግራችሁ ክብሩ በፊታችሁ እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ ነገር ግን እውነቱ ይኸው ነው።)

ባለፈው ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን ሳለን፥ ከሰላሌ መጥተው በከተማው ከልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት አጠገባችን ዐረፉ። ትንሹ ልጃችን ያን ባለ ቢጫ ትከሻ ወፍ አይቶ «አባባ፥ የመስቀል ወፍ የት ከርማ መጣች?» ብሎ ጠየቀን። እኛ መልስ ሳንጀምር እኚህ እናት ሣቅ ብለው «የት ትሄዳለች ብለህ ነው፥ የኔ ልጅ? እኛ ልጆች ሳለን በአውድማው ላይ ከድንቢጡ ጋር ተደባልቃ እህላችንን ስትለቅም እናባርራት ነበር። ወንዱ የሚያጌጠው ሲያገባ ነው፤ ሰርጉ ሲያልፍ ያወልቀዋል» አሉት። እኛም «እማማ፥ ታዲያ ስለ ምን በዓመት አንድ ጊዜ ነው የምትታየው ይባላል?» ብለን ብንጠይቃቸው፤ «ልጄ፥ ሰው የሚያየው ያማረ ሲለብስ አይደለም ወይ?» አሉን። በሥራችን ብዙ የምስክር ቃል ጽፈናል፤ እንዲህ ባጭሩ ነገሩን የጨረሰ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ነገር የተሳሳተ የእኛ አገር ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታላቁ የግሪክ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ከእኛ ስሕተት ጋር ፊትና ኋላ የሆነ ስሕተት ጽፎአል። በግሪክ አገር በበጋ የምትታየው ጅራተ ቀይዋ ወፍ ክረምት ሲቃረብ ትጠፋለች፤ በዚያው ጊዜ ደረተ ቀይዋ ሌላ ወፍ በአትክልቱ ቦታ ትታያለች። ፈላስፋውም የመጀመሪያይቱ ተለውጣ ሁለተኛይቱን ሆነች ብሎ ተናገረ። እውነቱ ግን የመጀመሪያይቱ ወደ አፍሪካ ስትሄድ ሁለተኛይቱ ከሰሜን ወደ ግሪክ መውረድዋ ነበረ። እርሱ የሄደችውን ተለወጠች አለ፤ እኛ የተለወጠችውን መጣች አልን። ያችም ጅራተ ቀይ ዛሬ ከመስከረም ጀምሮ ወደ አገራችን ደጋ የምትመጣ ናትና፥ ፈላስፋው ያጣትን ወፍ ልጆቻችን በጉለሌ ወይራ ሥር ጅራትዋን እያንቀጠቀጠች ሊያዩዋት ይችላሉ።

እንግዲህ ወደ እንግዶቹ እንመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ የምትታየው ከመናፈሻው ሣር ላይ ፈጥና የምትራመድ፥ ሆድዋ ቢጫ፥ ጀርባዋ አረንጓዴ ያዘለ፥ ረጅም ጅራትዋን ወደ ላይና ወደ ታች የምትነቀንቅ ወፍ ናት። በየከብቱ እግር ሥር፥ በየሜዳው፥ የኳስ መጫወቻም ቢሆን፥ ሣር ካለበት ሁሉ በመንጋ ትገኛለች፤ በክቡራን አንባቢዎቻችን ሰፋፊ ግቢ ውስጥም ሳትቀር አትቀርም። የሚታወቅ የአማርኛ ስም ስላላገኘንላት እኛ በቤታችን «ጅራተ ነቅናቂ» ብለናታል። ክብደትዋ 17 ግራም ያህል ነው። ከወገኖችዋ ከፊሉ ከባልካንና ከቱርክ፥ ከፊሉ ከመካከለኛው አውሮጳ፥ ከፊሉም ከስዊድንና ከፊንላንድ ሰሜን የሚመጡ ናቸው። የየአገሩ ወንድ በራሱ ቀለም ይለያል፤ የባልካኑ ጥቁር ራስ፥ የመካከለኛው አውሮጳ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ራስና ነጭ ቅንድብ፥ የሰሜኑ የጠቈረ ግራጫ ራስ አለው። ነገር ግን በመስከረም ከጕዞ ደክመው ሲገቡ የብዙዎቹ ልብስ የደበዘዘ ስለ ሆነ ለመለየት አይቀናም። በመጋቢት፥ ለመመለስ ሲዘጋጁ፥ እነርሱም በተራቸው ልብሳቸውን ይለውጣሉ፤ ያን ጊዜ አንድ መንጋ የቆመበት ሣር የመንግሥታት ጉባኤ ይመስላል።

በዛፎቹ ላይ ደግሞ ቅጠል የምታህል፥ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለባት፥ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ትል እየለቀመች የማታርፍ ወፍ ትታያለች። ይህችኛይቱ 9 ግራም ያህል ብቻ ናት፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ከዚህችው ወገን በሩቅ ምሥራቅ ሳይቤርያ የሚፈለፈሉት በአንድ ወቅት ጕዞ ወደ 13 ሺህ ኪሎ ሜትር በርረው ምሥራቅ አፍሪካ እንደሚደርሱ ሊቃውንት በጀርባቸው ላይ ባሰሩት እጅግ ቀላል መሣሪያ አረጋግጠው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. አስታውቀዋል። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ወንዱ ጥቁር ቆብ፥ ሴቲቱ ቡናማ ቆብ የደፋች ግራጫ ወፍ በቍጥቋጦው ውስጥ ትሰማለች። ቆቡን አይተው ልጆቻችን «መነኵሴው» ብለው ሰይመውታል፤ እኛም አልከለከልናቸውም። ከላይ ሰማዩን ደግሞ ንብ በሎች እየተጠራሩ በመንጋ ያልፋሉ። ድምፃቸው ከአካላቸው በፊት ይሰማልና ጆሮውን የሰጠ ሰው ቀና ብሎ ይጠብቃቸዋል።

ስለ ምን ይመጣሉ? ብርዱን ፈርተው ነው የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ላባ ከብርድ ያድናል፤ ከረኃብ ግን አያድንም። በሰሜን አገር ክረምት ሲገባ በራሪው ነፍሳት ሁሉ ይጠፋል፥ ቀኑም ያጥራል፥ ስለዚህ ትል በል ወፍ የምትበላውን ታጣለች። በዚያው ጊዜ በእኛ ደጋ ዝናሙ አቁሞ ሣሩ ለምልሞ ነፍሳቱ በዝቶ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ ስለ ምን በዚሁ አይቀሩም ቢባል፥ የሰሜን በጋ ቀኑ እጅግ ረጅም ስለ ሆነ ጫጩት ለመመገብ ሰፊ ሰዓት ይሰጣልና ነው። ትናንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዙት በሌሊት ነው፤ በከዋክብት፥ በፀሐይ መግቢያና በምድር የማግኔት ኀይል አቅጣጫቸውን ያውቃሉ። ከመነሣታቸው በፊት አብዝተው ስለሚበሉ በቈዳቸው ሥር የሚሸከሙት ስብ ለመንገዱ ስንቅ ይሆናቸዋል። ነቢዩ ኤርምያስ በ8ኛው ምዕራፍ ሽመላ ጊዜዋን እንደምታውቅ ለሕዝቡ ተግሣጽ አድርጎ መናገሩን የቤተ ክህነት ተማሪ ሁሉ ያስታውሳል፤ ሽመላ በየት እንደምትከርም ግን የአውሮጳ ሰዎች በሚታይ ማስረጃ የተረዱት ዘግይተው ነው። እንደ እነርሱ አቈጣጠር በ1822 ዓ.ም. በጀርመን አገር በክሉትዝ አጠገብ አንዲት ሽመላ ስትገደል በአንገትዋ የአፍሪካ ጦር ተሰክቶ ተገኘ። ወፊቱ ከነጦርዋ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ትታያለች። ከዚያም በ1899 ዓ.ም. ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር በወፎች እግር ላይ ቍጥር የተጻፈበት የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር ጀመረ።

በዘመናችን ደግሞ የወፍ ጕዞ በስልክ መልእክት ይከተሉታል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. የሩስያ ሊቃውንት መሣሪያ ካሰሩባቸው የሜዳ ንስሮች አንዱ በጋውን ስልክ በማይሠራበት በካዛኪስታን ሜዳ ከርሞ፥ ወደ ኢራን ሲሻገር የጠራቀመውን መልእክት ሁሉ በውጭ አገር ዋጋ በአንድ ጊዜ ላከና የምርምሩን ገንዘብ ጨረሰው። ለንስሩ የስልክ ዕዳ ሕዝብ ገንዘብ አዋጣ፤ በመጨረሻም የስልኩ ኩባንያ ዕዳውን ለመተው ፈቀደ። ባለዕዳው ሳይቀርብ የተጨረሰ እንዲህ ያለ ጕዳይ በእኛ መዝገብ ቤት አላየንም።

ንስርና ሽመላ እንደ ትናንሾቹ ክንፋቸውን እያራገቡ አይሄዱም፤ ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው የሚነሣውን አየር ተመርኵዘው ይንሳፈፋሉ። በባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይነሣ ከንስሮቹ ብዙዎቹ ቀይ ባሕርን በጠባቡ በር በባብ ኤል መንደብ ይሻገራሉ። በ1987 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፥ ይኸውም የእኛ 1980 ዓ.ም. ሲብት፥ በጂቡቲ ዳርቻ የተቀመጡ ተመልካቾች በዚያው ወቅት ብቻ ከ240 ሺህ የሚበልጡ አዳኝ ወፎች ቈጠሩ፤ ከእነዚህም ከ76 ሺህ የሚበልጡት የሜዳ ንስር ነበሩ። ከባሕሩ ወዲህ ሲሻገሩ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ይወርዳሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎች በጥቅምትና በኅዳር በከተማችን ሰማይ ሲዞሩ ይታያሉ። ይህ ንስር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2015 የመጥፋት አደጋ ከደረሰባቸው ወገን መቈጠሩን ስታስቡ፥ በቄራ በኩል ስታልፉ ቀና ብሎ ማየት አይከብዳችሁም። እዚያው ከሚዞሩት ጭላቶች መካከል መንቍሩ ቢጫ የሆነው የአገራችን ነው፤ መንቍሩ የጠቈረው ብዙውን ጊዜ ከአውሮጳ የመጣ እንግዳ ነው። ነገር ግን የእኛውም ጭላት በልጅነቱ መንቍሩ ጥቁር ስለ ሆነ በዚህ ብቻ ፈጥናችሁ አትፍረዱ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ደርሰናል። በብሔረ ጽጌ መናፈሻ በአንድ የመስከረም ጠዋት ዕድሜው ዐሥር ዓመት የሚሆን ልጅ ወንጭፍ ይዞ አገኘን፤ በሌላው እጁ አንዲት ጅራተ ነቅናቂ ሞታ ይዞአል። «ልጄ፥ ስለ ምን ገደልካት?» ብለን ብንጠይቀው በእኛ ጥያቄ ተደንቆ «ጋሼ፥ የመስቀል ወፍ አይደለችም እኮ!» አለን። የመስቀል ወፍ ብትሆን ኖሮ እንደማይመታት ከፊቱ ይታወቅ ነበር። ወፊቱን ተቀብለን በመዳፋችን ብንይዛት የያዝን አልመስለን አለ። ምናልባት ከባልቲክ ባሕር ወዲያ ተነሥታ፥ ሜዲቴራንያንን ተሻግራ፥ የግብፅንና የሱዳንን በረሃ አልፋ መጥታ ይሆናል፤ ያን ሁሉ ያለፈች ወፍ ለአንዲት ጠጠር ተረፈች። ለልጁ ይህንን ስንነግረው «በእግርዋ ነው?» ብሎ ጠየቀ። በክንፍዋ መሆኑን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አያት፤ ከዚያም ወንጭፉን በኪሱ ከትቶ ሄደ። ወንጭፉን ግን አልሰጠንም።

ለእንግዶቹ ጠጠሩ ብቻ አይደለም ጠላታቸው። በከተማችን አዲስ የሚሠሩት ረጃጅም ሕንጻዎች መስተዋት እየለበሱ ነው። በመስተዋቱ ውስጥ ዛፍና ሰማይ ስለሚታይ ወፏ እውነተኛ መስሏት ትገባበታለች፤ በሌሊትም የበዛ መብራት ከመንገድዋ ይስባታል። በአሜሪካ አገር በሺካጎ ከተማ በ2023 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በኦክቶበር መጀመሪያ፥ በባሕር መሰሉ ሐይቅ ዳርቻ በተሠራው በአንድ የጉባኤ አዳራሽ መስተዋት ተጋጭተው በአንዲት ሌሊትና በማግስቱ ጠዋት ከ950 የሚበልጡ ወፎች ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት ባለቤቶቹ በመስተዋቱ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ያለበት ስስ ሽፋን አስለጠፉበት፤ ከዚያም ቀድሞ 100 በሚሞቱበት ስፍራ የሚሞቱት ወደ 5 ወረዱ። ከአንባቢዎቻችን መካከል ሕንጻ የሚያሠሩና የሌላውን ሕንጻ ፕላን የሚመረምሩ ስላሉ ይህንን በዝርዝር ጽፈናል። መስተዋቱ ሳይገጠም ነጠብጣቡን ማዘዝ ከገጠሙት በኋላ ከማስለጠፍ የቀለለ ነው። ባለ ግቢዎችም ከመስከረም እስከ ኅዳር የውጭውን መብራት ከእኩለ ሌሊት በፊት ቢያጠፉ ለእንግዶቹም ለመብራት ሒሳቡም ይበጃል።

ዛፉንም እንዳንረሳ። ባሕር ዛፍ ከተማችንን ከማገዶ ችግር ያዳነ ባለውለታ ነው፤ ይሁን እንጂ በአገር ተወላጅ ዛፍ ላይ የሚገኘውን ያህል ትልና ፍሬ ለወፍ አይሰጥም። ከ700 ሄክታር በሚበልጠው በጉለሌው ስፍራ ጥድና ወይራ ኮሶም እየተተከለ ነው፤ እዚያ አንድ ሰዓት የቆየ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ይሰማዋል። በግቢያችሁ አንድ ያረጀ ወይራ ካለ መኪና ለማቆሚያ ብላችሁ አታስቈርጡት።

ወፍ ማየት የሥራ ፈት ነገር ነው የሚል ባለ ሥልጣን ቢኖር፥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት በመናፈሻ ቆይቶ ችሎት ሳይከፈት ከሥራው መድረስ እንደሚቻል እኛ ምስክር ነን። ወፎች በዚያ ሰዓት ርቧቸው ስለሚለቅሙ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቅርብ ይሆናሉ። ነጭ ሸማ ከሩቅ ስለሚታያቸው የጠቈረ ካፖርት ይሻላል። የሩቅ ማያ መነጽር ካለ መልካም ነው፤ ከሌለም ለጅራተ ነቅናቂ ዓይን ይበቃል። ልጆቹን ከመሮጥ መከልከል ግን በከንቱ መድከም ነው፤ ይልቅስ ለእያንዳንዱ ደብተር ሰጥቶ ጸሐፊ ማድረግ ነው የሚበጀው። በደብተሩ ላይ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ስፍራውን፥ የአየሩን ጠባይ፥ የወፉን መልክና ብዛት በየዓምዱ ያግቡ። የትንሹ ልጃችን ደብተር ባለፈው መስከረም 21 ቀን በሣር ሜዳው ፊት ለፊት ባለው ገጽ እንዲህ ይላል፤ «ጠዋት 1 ሰዓት። ጤዛ አለ። ጅራተ ነቅናቂ፤ ብዙ። ልቈጥራቸው ስል ተነሡ። እንደ ገና ስጀምር እንደ ገና ተነሡ።»